አሸዋው ሲነሳ፦ በካርሜል ዳርቻ ስለሰጠሙ መንደሮች የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣
ክቡራን እንግዶች፣

እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

በእስራኤል ከሐይፋ ከተማ ወደ ደቡብ፣ በካርሜል ተራራ ግርጌ በተዘረጋው ዳርቻ፣ በበጋ ልጆቻችን ከሚዋኙበት ስፍራ ብዙም ሳይርቅ፣ የድንጋይ ዘመን ሰዎች የኖሩባቸው መንደሮች በጥልቀት የለሽ ውኃ ሥር ይገኛሉ። ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት የበረዶው ዘመን በበረታበት ወቅት ከፍተኛ መጠን ያለው ውኃ በበረዶ ግግር ተይዞ ስለነበር፣ የባሕር ጠለል ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነበር። ግግሩ ሲቀልጥ ባሕሩ ወደ የብስ ገፋ፤ ሰው አርሶና አጥምዶ የኖረበትን ሜዳም ከነቤቱና ከነመቃብሩ ሸፈነው።

ከእነዚህ መንደሮች በሰፊው የተጠናው አትሊት ያም ነው። የባሕር አርኪዮሎጂ ተመራማሪው ኤሁድ ጋሊሊ እ.ኤ.አ. በ1984 ያገኙት ይህ መንደር ከ8 እስከ 12 ሜትር ጥልቀት ላይ 40,000 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ይሸፍናል፤ ዕድሜውም ወደ 9,000 ዓመት ይጠጋል። የቤት መሠረቶች፣ መቃብሮች፣ በግማሽ ክብ የቆሙ ሰባት ትክል ድንጋዮች፣ የስንዴ ፍሬና ያንኑ ስንዴ ይበላ የነበረ ነቀዝ ሳይቀር ተገኝቶበታል። እዚያ የተቀበሩ የአንዲት ሴትና የአንድ ሕፃን አጥንቶች እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት በዘረመል ተመርምረው የቲቢ በሽታ ምልክት ታይቶባቸዋል። በአንዳንድ ወንዶች የጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የተገኘው የአጥንት እብጠት ደግሞ በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሞ ከመጥለቅ የሚመጣ ነው፤ በክረምት ያለ ራስ መሸፈኛ የምትጠልቁ አባሎቻችን ይህን ልብ ብትሉ መልካም ነው።

ለእኔ ግን ከሁሉም የላቀ ምስክር የውኃ ጉድጓዱ ነው። አምስት ሜትር ተኩል ጥልቀትና አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው፣ ግድግዳው በድንጋይ የተገነባው ይህ ጉድጓድ መጀመሪያ የመንደሩ የመጠጥ ውኃ ምንጭ ነበር። ባሕሩ እየቀረበ ሲመጣ ጨዋማ ውኃ ከሥር ሰርጎ ስለገባበት ነዋሪዎቹ መቅዳቱን ትተው የእንስሳት አጥንትና ጥራጊ ይጥሉበት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2007 የጣልያን ተመራማሪዎች መንደሩን ያጠፋው ከኤትና እሳተ ገሞራ ተራራ መናድ የተነሳ የሱናሚ ማዕበል ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ጋሊሊና ባልደረቦቻቸው ይህን አልተቀበሉትም፤ እኔም ከእነርሱ ጋር እስማማለሁ። ውኃው ሲበላሽበት ጉድጓዱን ጥራጊ መጣያ ያደረገ ሕዝብ በአንድ ጀንበር የጠፋ ሳይሆን፣ ባሕሩ ሲጠጋው እያየ ኑሮውን ከለውጡ ጋር ለማስማማት የሞከረ ሕዝብ ነው። ከዚያ በኋላ በዚሁ ዳርቻ የኖሩት የቴል ሕሬዝ፣ የሌላው የሰጠመ መንደር ሰዎች ደግሞ ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ከመቶ ሜትር የሚበልጥ ርዝመት ያለው የድንጋይ ግንብ በመንደራቸውና በባሕሩ መካከል ሠርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ይህ ግንብም መንደራቸውን አላዳነውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። እነዚህ ቅርሶች እስከ ዛሬ የቆዩት በሸክላ አፈርና በአሸዋ ተሸፍነው አየርና ሞገድ ሳይደርስባቸው ስለኖሩ ነው። አሸዋው ናይል ወደ ሜዲትራንያን አውርዶት የባሕሩ ሞገድና ፍሰት ከግብፅ ዳርቻ እስከዚህ ያመጣው ነው። የዚያ ወንዝ ደለል አብዛኛው ከዓባይና ከተከዜ የሚነሳ በመሆኑ፣ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲሉ ያሳደጉን ወላጆቻችን ወንዙ ከሸክሙ የተወሰነውን የሚያሳርፍበትን ቦታ ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር አስባለሁ። ለግንባታ ሲባል ከዳርቻው በተወሰደው አሸዋ፣ በአስዋን ግድብና በወደቦች ግንባታ ምክንያት ይህ ሽፋን ሳስቷል። ስለዚህ ኃይለኛ የክረምት ማዕበል አሸዋውን ጠርጎ አንድ የግንብ መሠረት ሲገልጥልን፣ ለጥናት የተከፈተው በር ለጥፋትም ይከፈታል፤ እንጨቱን የባሕር ትል ይበላዋል፣ ድንጋዩን ሞገድ ያፈናቅለዋል፣ የቀረውንም አሸዋው ተመልሶ ይሸፍነዋል።

ጥልቀት የለሽ ውኃ ለጥናት አመቺ ይመስላል እንጂ አይደለም። የምርምር መርከብ ሞገድ ወደሚሰበርበት ስፍራ አይጠጋም፤ በድምፅ ሞገድ የሚሠራው መሣሪያም በጥቂት ሜትር ውኃ ውስጥ የተዛባ ምስል ይሰጣል። በአውስትራሊያ የሙሩጁጋ ዳርቻ ተመራማሪዎች ከአውሮፕላን በሚለቀቅ የሌዘር ብርሃን የባሕሩን ወለል ለክተው፣ ከዚያ በኋላ ጠላቂ አሰማርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ እንዳደረጉት ከ7,000 ዓመት የማያንስ ዕድሜ ያላቸውን የድንጋይ መሣሪያዎች ከባሕር አግኝተዋል። እኛ አውሮፕላን የለንም። ያለን ዳርቻውን የሚያውቅ ዓይንና ማዕበሉ በበረደ ማግስት ውኃ ውስጥ ሊገኝ የሚችል አባል ነው፤ ይህንንም ከባድ መሣሪያ ያለው ተቋም ሁልጊዜ አያገኘውም።

በመሆኑም ሥራ አስፈጻሚው ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ታላቅ ማዕበል በኋላ ተረኛ ቡድን ወጥቶ የተገለጠውን በተደራራቢ ፎቶግራፍና በቦታ መለኪያ ይመዝግብ፤ ምንም ነገር አይንካ፣ አያንሳ፣ አሸዋም አይጥረግ። የተገኘውንም እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የእስራኤል የቅርስ ሕግ በሚያዝዘው መሠረት በ15 ቀን ውስጥ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ያሳውቅ። ትክክለኛ ቦታውን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በማኅበራዊ ገጽ ላይ እንዳይወጣ የሚከለክለው የዚህ ሐሳብ አንቀጽ አንዳንድ ወጣት አባላትን እንዳላስደሰተ አውቃለሁ፤ እኔ ግን አንቀጹ እንዲጸና እጠይቃለሁ። ተቃውሞ ያላችሁ ከምሳ በፊት በሚደረገው ውይይት ተናገሩ፤ ድምፅ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ጉባኤው በዚህ ተከፍቷል። የመጀመሪያውን ሪፖርት ጸሐፊያችን ያቀርባሉ።