በደም ያለው ፀረ እንግዳ አካል ትክትክን ከአፍንጫና ከጉሮሮ ያስወጣልን?

የተከበራችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጣችሁ ወላጆች፣

ፊቱ እስኪጠቁር ድረስ ያለ እረፍት እየሳለ፣ በመጨረሻ አየር ሲስብ የሚያፏጭ ልጅ ያየ ሰው ትክትክን አይረሳም። የጥቂት ሳምንት ጨቅላ ግን ብዙ ጊዜ ያን ድምፅ አያሰማም፤ ትንፋሹ ቀጥ ይላል እንጂ። በሽታውን የሚያመጣውን ቦርዴቴላ ፐርቱሲስ የተባለ ባክቴሪያ ቦርዴ እና ዣንጉ የተባሉ ተመራማሪዎች ብራስልስ ውስጥ ለይተው ያሳደጉት በ1906 እ.ኤ.አ. ነው።

ባክቴሪያው የሚይዘው በአየር ቧንቧችን ውስጥ አክታን ወደ ላይ የሚጠርጉትን፣ ጥቃቅን ጸጉር ያላቸውን ሕዋሳት ነው። ለመጣበቅ ከሚረዱት ፕሮቲኖች መካከል ፊላመንተስ ሄማግሉቲኒን፣ ፊምብሪዬ እና ፐርታክቲን ይገኙበታል፤ አሴሉላር የሚባሉት፣ ሙሉውን ባክቴሪያ ሳይሆን የተመረጡ ክፍሎቹን ብቻ የሚይዙት ክትባቶችም ከተዳከመው የባክቴሪያው መርዝ ጋር ከእነዚህ የተወሰኑትን፣ አንዳንዶቹም ሦስቱንም ይይዛሉ። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፦ የሚጣበቅበትን ፕሮቲን የሚሸፍን ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ሰውነት ጀርምን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን፣ ካለ ባክቴሪያው መያዣ ያጣል።

ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል ሆኖ አልተገኘም። በ1990ዎቹ ስዊድን ውስጥ ታማሚ ባለበት ቤት የሚኖሩ ልጆች ደም ሲመረመር፣ ከመርዙ በተጨማሪ በፐርታክቲንና በፊምብሪዬ ላይ ፀረ እንግዳ አካል የነበራቸው በተሻለ ሁኔታ ተጠብቀው ተገኙ፤ በፊላመንተስ ሄማግሉቲኒን ላይ የተሠራው ግን ያን ያህል ጥቅም አላሳየም። በፐርታክቲን ላይ የሚሠራውም ቢሆን መጣበቅን ከመከልከል ይልቅ፣ ባክቴሪያውን ነጭ የደም ሕዋሳት እንዲውጡት ምልክት በማድረግ እንደሚያግዝ የቤተ ሙከራ ጥናቶች አመልክተዋል። በእኔ እይታ፣ የፀረ እንግዳ አካሉን መጠን ብቻ ለክቶ ልጁ ተጠብቋል ማለት የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

ባክቴሪያውም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። አሴሉላሩን ክትባት በሚጠቀሙ እንደ አሜሪካና አውስትራሊያ ባሉ አገሮች፣ ፐርታክቲንን ጨርሶ የማያመርቱ ዝርያዎች በብዛት ተስፋፍተዋል፤ ያለ እርሱም ተጣብቀው ያሳምማሉ። በ2013 በዝንጀሮዎች ላይ የወጣው ጥናት ደግሞ የበለጠ ያሳስባል፦ አሴሉላሩን የተከተቡት አልታመሙም፣ ነገር ግን ባክቴሪያውን በጉሮሯቸው ለሳምንታት ይዘው ለሌሎች አስተላለፉ። በመርፌ የተሰጠ ክትባት ደም ውስጥ የሚሞላው ፀረ እንግዳ አካል በአፍንጫ ውስጠኛ ሽፋን ላይ እምብዛም አይገኝምና። በአፍንጫ የሚሰጠውና በሕያው፣ በተዳከመ ባክቴሪያ የተሠራው ቢፒዜድኢ1 የተባለው ዕጩ ክትባት የሚጠናው ይህንን ክፍተት ለመሙላት ነው።

እኛ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የምንሰጠው ፔንታ የተባለው የአምስት በሽታዎች ክትባት ሙሉውን የተገደለ የትክትክ ባክቴሪያ ይይዛል። ልጁን ያተኩሰዋል፣ ጭኑንም ያሳብጠዋል፤ እናቶች ይህን ያውቁታል። ሆኖም የበለጸጉት አገሮች አሴሉላሩን ስለመረጡ ብቻ የእኛን መናቅ ተገቢ አይመስለኝም፤ በአንድ ፕሮቲን ላይ አይንጠለጠልምና። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ከ6 ሳምንት በፊት ጨቅላው ባዶውን ነው፣ ለነፍሰ ጡር የምንሰጠው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም የትክትክ ክፍል የለውም።

ለላቦራቶሪ ተማሪዎች አንድ አደራ አለኝ። በአካባቢያችን ያለው ዝርያ ፐርታክቲን ማምረት አለማምረቱ በደም ምርመራ አይታወቅም፤ ባክቴሪያውን ማሳደግ ይጠይቃል። ናሙናው ከአፍንጫ ጥልቅ ክፍል ይወሰድ፤ በጥጥ ግን አይሁን፣ በጥጥ ውስጥ ያለው የቅባት አሲድ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ማሳደጊያው ድንች፣ ግሊሰሪንና ደም ይፈልጋል፤ ድንቹ እንኳ ከደሴ ገበያ አይጠፋም። ውጤቱ ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል ሕክምናው እርሱን መጠበቅ የለበትም፤ ናሙናው ግን አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ።

አመሰግናለሁ፤ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።