መስኮቱን ክፈቱት፦ ስለ ምርቃትና ኮሮና የአድማጮች ጥያቄና የሐኪሙ መልስ

ጥር 2013። መጋቢት 2012 ላይ ግቢያቸው ተዘግቶባቸው የነበሩ ተማሪዎች ተመልሰው ሊመረቁ ነው፤ ክትባት ገና አገራችን አልገባም። በዛሬው ፕሮግራም የኅብረተሰብ ጤና ሐኪሙ በስልክ የገቡ ጥያቄዎችን መልሰዋል።

አንድ አባት ከአዳማ፦ ለአንድ ተመራቂ ሁለት እንግዳ ብቻ ተብለናል። እኛ ስድስት ነን፤ በር ላይ ብንለምንስ?

አይለምኑ። ሁለታችሁ ግቡ፣ አራቱ ቤት ሆነው ይጠብቁት። በር ላይ የሚደረገው ግፊያ ወንበር ላይ ተራርቆ ከመቀመጥ ይብሳል።

እናት ከደሴ፦ ልጄ የሚመረቀው ባሕር ዳር ነው። 14 ሆነን ሚኒባስ ተከራይተናል። ሁላችንም ማስክ ገዝተናል፤ ይበቃናል?

እናቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። አይበቃም። ሰው ሁሉ የሚፈራው ሜዳውን ነው፤ እኔ የምፈራው መንገዱን ነው። ሜዳው ላይ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቃችሁ፣ አየሩ እየነፈሰ፣ ጥቂት ሰዓት ትቀመጣላችሁ። መኪናው ውስጥ ግን በወልድያ፣ በጋሸና፣ በደብረ ታቦር አድርጋችሁ ቀኑን ሙሉ ትከሻ ለትከሻ ናችሁ። ጋሸና ሳትደርሱ ማስኩ አገጭ ላይ ይወርዳል። ዘፈኑና እልልታው ይቀጥላል። ዘፈን ደግሞ ከጸጥታ ይልቅ ብዙ ትንፋሽ ያስወጣል፤ ቫይረሱ የሚጓዘው በዚያ ነው። ከዚያ አንድ ሰው «ኧረ ንፋስ መታኝ!» ይልና መስኮቱ ይዘጋል። መስታወቱ በጉም ሲሸፈን አይተው ያውቃሉ? በጣትዎ የሚጠርጉት ያ እርጥበት የ14 ሰው ትንፋሽ ነው። ሁላችሁም መልሳችሁ የምትስቡት እሱን ነው።

ንፋስ ኮሮና አያስይዝም፣ ጉንፋንም አያስይዝም። ሁለቱም ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፉት። ያልታመመ የሚመስል ሰው እንኳ ምልክቱ ሊታይበት ሁለት ቀን ሲቀረው ጀምሮ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ከፊት አንድ፣ ከኋላ በተቃራኒው በኩል አንድ መስኮት ክፈቱ፤ አየሩ አቋርጦ እንዲወጣ። የበረደው ጋቢ ይደርብ። 14ቱን ወደ 7 አውርዷቸው። አያት ካሉ ክፍት መስኮት አጠገብ ይቀመጡ። ያሳለው ሰው፣ የቅርብ ዘመድም ቢሆን፣ ይቅር። ዘፈኑን ወርዳችሁ ዝፈኑት።

ተማሪ ከጅማ፦ ጋዋን ከፎቶ ቤት መከራየት ያሰጋል?

ብዙም አያሰጋም። ልበስ፣ እጅህን ታጠብ።

አድማጭ ከአዲስ አበባ፦ በር ላይ ሙቀት ይለኩናል። ካለፍን ነፃ ነን ማለት ነው?

አይደለም። ትኩሳት የሌለው በሽተኛ ብዙ ነው። ፓራሲታሞል ውጦ በሩን የሚያልፍም አለ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ አጠገባችሁ የሚቀመጡት የሌላ ሰው እናት ናቸው።

አድማጭ ከደብረ ብርሃን፦ ከምርቃቱ በፊት ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በአረቄ ብንወስድስ?

ዝንጅብሉን ሻይ ላይ ያድርጉት። ከኮሮና አይከላከልም፤ አረቄውም እንዲሁ።

እህት ከሐዋሳ፦ ለወንድሜ ቤት ውስጥ ድግስ አስበናል። ምን እናድርግ?

ግቢ ካላችሁ ግቢ ውስጥ አድርጉት። ድንኳን ከተተከለ ጎኑን ግለጡት፤ ዙሪያውን የተዘጋ ድንኳን ያው ቤት ነው። ሳሎን የግድ ከሆነ መስኮትም በርም ክፈቱ፣ እንግዳውን በሁለት ፈረቃ ጥሩ። ወጡን አንድ ሰው ማስክ አድርጎ ለሁሉም ያውጣ። ጉርሻና መሳሳም ይቅር፤ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ለእኔም ከባድ ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም አስም ያለባቸው ዘመዶች ግን ከመምጣታቸው በፊት የሚከታተላቸውን ሐኪም ያማክሩ።

ተመራቂ ተማሪ፦ ከሦስት ቀን ወዲህ ሽታ አይሸተኝም። ሌላ ሕመም የለኝም። ምርቃቴ ቅዳሜ ነው።

ልጄ፣ ቅዳሜን አትጠብቂ። ስልኩን እንደዘጋሽ ማስክሽን አድርገሽ ወደ ግቢሽ ክሊኒክ ሂጂና ተመርመሪ፣ ወይም 8335 ደውዪ። ውጤቱ እስኪመጣ ሜዳም፣ ካፌም፣ ልምምድም የለም። ዲግሪሽን ማንም አይወስድብሽም። ዶርም አብረውሽ ላሉት ዛሬውኑ ንገሪያቸው፤ ቢቆጡሽም ንገሪያቸው። ከመውጣትሽ በፊት ደግሞ የዶርሙን መስኮት ክፈቺው።