ጥፋቱ የፀሐይዋ ነው?

ሰሚራ፦ ጤና ይስጥልን፣ ከጅማ ነን። ዳዊት፣ ትናንት ፈረንጅ አራዳ ቡና ስንጠጣ አንድ አባት ያሉት አልወጣልኝም። "ዓለም ድሮም ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ነው የኖረው፤ አሁንም ፀሐይዋ ከርራ ነው።"

ዳዊት፦ እኔ ጥያቄያቸውን ወድጄዋለሁ። የሚናቅ አይደለም።

ሰሚራ፦ ታዲያ ምነው ዝም አልክ?

ዳዊት፦ በረካው ደርሶ ነበራ! (ሳቅ) አሁን ልመልስ። ፀሐይዋ ብትሆን ኖሮ አየሩ ከላይ እስከ ታች በሞቀ ነበር። ሲለካ ግን የታችኛው ይሞቃል፣ ስትራቶስፌር የሚባለው የላይኛው ደግሞ ይቀዘቅዛል።

ሰሚራ፦ ቆይ፣ ታቹ ሞቆ ላዩ እንዴት ይቀዘቅዛል?

ዳዊት፦ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እታች ያስቀረዋል። እላይ ያለው ደግሞ ሙቀቱን ወደ ጠፈር ይለቀዋል። ጋቢ ተከናንበሽ ስትተኚ ውስጡ ሞቆ ላዩ ቀዝቃዛ አይደል?

ሰሚራ፦ እሺ፣ ካርቦኑ የሰው መሆኑስ በምን ታወቀ? እሳተ ገሞራም ያጨሳል፤ አፋር ሄደህ እይ።

ዳዊት፦ ያጨሳል፣ ግን የዓለም እሳተ ገሞራ ሁሉ ተደምሮ የሰው ልጅ ከሚለቀው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከፋብሪካው ዘመን በፊት ከሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 280ው ነበር ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ዛሬ ከ420 በላይ ነው። የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ፣ ጋዝ፣ የደን ምንጣሮ... በፈረንጆቹ 2024 ሙቀቱ ከዚያ ዘመን በ1.5 ዲግሪ በለጠ፤ በዓመት ደረጃ የመጀመሪያው ነው።

ሰሚራ፦ የኛ ባጃጅም አለችበት በለኛ!

ዳዊት፦ ኧረ እሷ ምን አላት! አፍሪካ በሙሉ 4 በመቶ ገደማ ብትሆን ነው። ዕዳው ግን እኛንም አይምርም።

ሰሚራ፦ እሱን እኔ ልንገርህ። ኅዳር ላይ ጀንፈል፣ ከነገለባው ያለው ቡና፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ያልታሰበ ዝናብ ዱብ ሲል አይተሃል? ልጅ አዋቂ ሳይል ሸራ ይዞ ሩጫ ነው። ትንሽ ከዘገዩ ቡናው ይሻግታል፣ ዋጋው ይወድቃል። ዛፉም ቢሆን ሙቀት አይወድም። አረቢካ የሚመቸው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዋንዛውን ለማገዶ ቆርጠን ጥላ ስናሳጣው ደግሞ፣ ይሄኛው እንኳ የራሳችን እጅ ነው።

ዳዊት፦ "ቡናው ወደ ደጋ ይውጣ" የሚሉ አሉ።

ሰሚራ፦ ማለት ቀላል ነው። ዴዶ ደጋው ላይ ገብስና ባቄላ የሚዘራው ሰው የት ይሂድ? ቡና ተክሎ ፍሬ እስኪያይ እኮ ሦስት አራት ዓመት ነው። እስከዚያ ምን ይበላል?

ዳዊት፦ ሳምንት አንድ የደጋ ገበሬ እንጋብዝና እሳቸው ይንገሩን።