ነጥብ መዝጋቢው ልጅ መቼ ይጫወት? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ፕሮግራም ስለ ሰውነት ማጎልመሻና ስለ አካቶ ትምህርት (አካል ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው ልጆች አብረው ስለሚማሩበት ትምህርት) ስናወራ ስልኩ አላርፍ አለ። ሰዓት ስላጠረን የቸኮልኩባቸውን መልሶች እዚህ አስፍቼ ጽፌያቸዋለሁ። የተቀዳውን መልሼ ሳዳምጥ አንድ ቃል ደጋግሞ ጆሮዬ ገባ፤ «ዳር»። ዳር ተቀምጦ፣ ዳር ቆማ፣ ከዳር ሆኖ።

አንዲት እናት፦ «የ9 ዓመት ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት፤ የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ መምህሩ ነጥብ መዝጋቢ አድርጎታል። ሰውየው ደግ ነው፤ ልጁ እንዳይጎዳ ፈርቶ ነው። ልጄ ግን ‹እኔም ልጫወት› እያለ ያለቅስብኛል።»

እህቴ፣ ልጅዎ እውነቱን ነው። የመምህሩም ፍርሃት ይገባኛል። ድሮ ባለሙያዎችም ጡንቻን ማሠራት በሴሬብራል ፓልሲ የሚመጣውን የጡንቻ ግትርነት ያባብሰዋል ብለው ይሰጉ ነበር። እንደዚያ እንዳልሆነ ከታወቀ ቆይቷል። ሴሬብራል ፓልሲ የሚመጣው ገና በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ ከደረሰ ጉዳት ነው። ልጁ ስለተጫወተ ጉዳቱ አይሰፋም። ይልቅ የሚጎዳው መቀመጡ ነው፤ ጡንቻ ያጥራል፣ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ አጥንት ይሳሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽ ፈጠን የሚያደርግ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል ይላል። አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆችም ያስቀመጠው ያንኑ 60 ደቂቃ ነው፤ አልቀነሰባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 30 የጨዋታና የስፖርት እኩል ተሳትፎን ሲደነግግ ትምህርት ቤትን በስም ጠቅሶ ነው። ስለዚህ የሚጠይቁት ውለታ አይደለም።

መምህሩ ጋ ሲሄዱ ግን ክስ ሳይሆን ሐሳብ ይዘው ይሂዱ። ልጅዎን ከሚከታተለው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ደብዳቤ ያጽፉ። ደብዳቤው «ይህን አያድርግ» ብቻ የሚል ከሆነ ይመልሱለት። ምን ማድረግ እንደሚችል ይጻፍበት፤ ኳስ መወርወር፣ ዊልቸሩን ራሱ እየገፋ መፍጠን፣ ወለል ላይ ወርዶ መጫወት። መምህሩን ከፍርሃቱ የሚያወጣው ይሄ ነው።

ከዚያ የሚቀየረው ጨዋታው ነው። እኛ በሥራችን አራት ነገር እናያለን፤ ቦታውን፣ ሥራውን፣ መሣሪያውንና ሰዉን። ሜዳው ይጥበብ ወይስ ይስፋ? ሕጉ ይቅለል? ኳሱ ይለወጥ? ማን ከማን ጋር ይሰለፍ? ከአራቱ አንዱን ትንሽ ስትነካው ብዙ ጊዜ በሩ ይከፈታል።

አንዲት በዊልቸር የምትንቀሳቀስ ተማሪ ነበረችኝ። ኳስ ሲወረወርላት ጭኗ ላይ ነጥሮ ያመልጣታል፤ ሌላው ልጅ ሮጦ ያነሳዋል። ሦስቴ አራቴ እንደዚህ ሲሆን እጇን መዘርጋት ተወች። አንድ ቀን የኳሱን አየር በከፊል አስተነፈስኩት። የተነፈሰ ኳስ ብዙ አይነጥርም፤ እጅ ውስጥ ገባ ይላል። የመጀመሪያውን ኳስ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘችው። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ለማን እንደምታቀብል በዓይኗ መፈለግ ጀመረች። ያን ቀን የተለወጠው የኳሱ አየር ብቻ ነበር።

ሌላም መንገድ አለ። ክፍሉን በሙሉ መሬት አስቀምጡትና መረብ ኳስ አጫውቱ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኔዘርላንድስ ውስጥ የተጀመረ፣ ከ1980 ጀምሮ የፓራሊምፒክ ውድድር የሆነ ስፖርት ነው። ሁሉም ሲቀመጥ ፈጣኑ ሯጭ ብልጫውን ያጣል። መሬት ላይ በእጁ እየተገፋ መንቀሳቀስ የለመደው ልጅ ደግሞ ለሌሎቹ አስተማሪ ይሆናል።

አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፦ «ክፍሌ በተማሪ የተጨናነቀ ነው፤ ረዳት የለኝም። ማየት የተሳናት አንዲት ተማሪ አለችኝ። እሷን ስይዝ ሌላው ይበተንብኛል።»

ወንድሜ፣ በቅድሚያ ስለጠየቅክ አመሰግናለሁ። ብዙዎች ሳይጠይቁ ነው ልጅን ዳር የሚያስቀምጡት።

ከአንደበትህ ጀምር። ስናሳይ «እንዲህ»፣ «ወደዚህ»፣ «እንደ እኔ» እንላለን። ለእሷ እነዚህ ቃላት ባዶ ናቸው። «ሁለት እርምጃ ወደ ግራ»፣ «ክንድሽን እስከ ትከሻሽ አንሺ» በል። የምታየውም ልጅ ይበልጥ ይገባታል፤ ይህን ደጋግሜ ታዝቤያለሁ። ቃል ካልበቃ ስታሳይ ክንድህን እንድትዳስስ ጋብዛት። እሷን መንካት ካስፈለገ ደግሞ መጀመሪያ አስፈቅዳት።

ከክፍሉ ቀድማ ሜዳውን በእግሯ ትወቀው። ጠርዝ ለጠርዝ አብራችሁ ሂዱ። የመስመሩን መጀመሪያና መጨረሻ በእግሯ እንድታውቅ ገመድ ዘርግታችሁ በላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፉበት። ኳሱን በሚንኮሻኮሽ ፌስታል ጠቅልሉት፤ ሲንከባለል ይሰማታል። ለሩጫ አጭር ገመድ ይበቃል። አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን ጓደኛዋ ይይዛሉ። ጓደኛዋ ከጎኗ ነው የምትሮጠው፤ አትጎትታትም፣ መታጠፊያ ሲመጣ ቀድማ ትነግራታለች። መሪዋን በየሳምንቱ ቀያይር፤ አንዷ ላይ ሸክም አይሁን፣ እሷም ከብዙዎች ጋር ትላመድ።

ለተጨናነቀ ክፍል በጣም የምወደው ጎልቦልን ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ማገገሚያ ተብሎ የተፈጠረ ነው። በአንድ ወገን ሦስት ሦስት ተጫዋች፣ ውስጡ ቃጭል ያለው ኳስ። ሁሉም ዓይኑን ይሸፈናል። ኳሱ እንዲሰማ ተመልካቹ ጭጭ ማለት አለበት። እስቲ አስበው፤ ያ የሚበተንብህ ክፍል ፀጥ የሚለው የጨዋታው ሕግ ስለሆነ ነው። እሷ ደግሞ በዚያ ሰዓት ከሁሉም የተሻለ የሠለጠነ ጆሮ አላት።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ የዓይን ሕመሞች፣ ለምሳሌ ሬቲና (በዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) የመላቀቅ ስጋት ያለባቸው፣ ዝላይና ግጭት አይወዱም። የሐኪሟን ቃል ከወላጆቿ አግኝ።

አንድ አባት፦ «ልጄ ፈተና ደርሶባታል። የስፖርቱን ሰዓት ለጥናት ብታደርገው አይሻልም?»

አይሻልም። ከትምህርት ሰዓት ላይ ለእንቅስቃሴ ጊዜ የሰጡ ትምህርት ቤቶች ውጤታቸው እንዳልወረደ በተደጋጋሚ ታይቷል። ልጅ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ትኩረቱ ይሰበሰባል፣ ሌሊትም ደህና ይተኛል። በዓለም ላይ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ያን 60 ደቂቃ አያገኙም። ሴቶች ልጆች ከወንዶቹ ይብስባቸዋል። ያለቻትን ጥቂት ሰዓት አይውሰዱባት።

አንዲት እናት፦ «ልጄ ይቁነጠነጣል፣ ቁጭ አይልም። መምህርቱ ስትቀጣው እረፍት ትከለክለዋለች።»

ይህን ስሰማ በጣም አዝናለሁ። መቁነጥነጡ ሰውነቱ እንቅስቃሴ ሲጠይቅ ነው። እረፍቱን ስትነጥቀው ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይብሳል፤ ያኔ ደግሞ ሌላ ቅጣት ይከተላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2013 እረፍት ለቅጣት መከልከል እንደሌለበት በግልጽ አሳውቋል። መምህርቱን ሌላ ነገር ይጠይቋት። ደብተር የሚሰበስበው፣ ሰሌዳ የሚያጠፋው፣ መስኮት የሚከፍተው እሱ ይሁን። ተነስቶ የሚሠራው ሥራ ያለው ልጅ ለመቀመጥም አይቸገርም።

አጠር ያሉት ጥያቄዎች

«አስም ያለበት ልጅ ይሩጥ?» ሕመሙ በመድኃኒት ከተያዘ አዎ። ቀስ ብሎ ሰውነቱን ያሟሙቅ። ሐኪም ካዘዘለት የሚነፋውን መድኃኒት ከሩጫው ቀደም ብሎ ይውሰድ። መድኃኒቱ ቢሮ ተቆልፎበት ሳይሆን ሜዳው ዳር ይኑር። ዳር መቀመጥ ያለበት መድኃኒቱ ነው።

«የሚጥል በሽታስ?» አብዛኛው ስፖርት ይፈቀድለታል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ዓይኑን ከእሱ ላይ የማይነቅል፣ ዋና የሚችል ትልቅ ሰው ከጎኑ ይኑር። ከፍታ ላይ መውጣትም ጥንቃቄ ይፈልጋል።

«ልጄ ዳውን ሲንድረም አለባት፤ ጂምናስቲክ ትሥራ?» ትሥራ። በጭንቅላት መገልበጥና አንገት ላይ ጫና የሚጥል ነገር ግን ሐኪም አንገቷን ሳያይ አይሆንም። በአንዳንዶቹ ልጆች የላይኛዎቹ ሁለት የአንገት አጥንቶች መጋጠሚያ ይላላል። አረማመዷ ከተለወጠ፣ እጇ ከደከመ ወይም አንገቷን ካመማት እንቅስቃሴውን አቁማችሁ በቶሎ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።

የመጨረሻዋ ደዋይ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፦ «ክፍላችን ውስጥ መስማት የተሳነው ልጅ አለ። ኳስ በጣም ይችላል። ግን ፊሽካ ሲነፋ ስለማይሰማ ይቀጥላል፤ ልጆቹ ይጮሁበታል። ምን እናድርግ?»

የኔ ልጅ፣ መስማት የተሳናቸው ስፖርተኞች የራሳቸው ዓለም አቀፍ ውድድር አላቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1924 ፓሪስ ላይ ነበር የተካሄደው። በእነሱ ጨዋታ ዳኛው ባንዲራ ያነሳል። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። ዳኛው በአንድ እጁ ፊሽካ፣ በሌላው ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ ይያዝ። ፊሽካው ሲነፋ ጨርቁ ይነሳ። ሁላችሁም ደግሞ ባላችሁበት ቁሙና እጃችሁን አንሱ። ልጁ ኳስ ላይ አቀርቅሮ ጨርቁን ባያይ እንኳ ዙሪያው ሁሉ ሲቆም ያያል።

ከዚያ ወደ እሱ ሄደሽ ፊት ለፊት ሆነሽ ምልክቶቹን ጠይቂው። «አቀብል»፣ «ጠብቅ»፣ «ከኋላህ ሰው አለ» በምልክት ቋንቋ እንዴት እንደሚባሉ ያሳይሽ። ሦስቱን ለቡድንሽ አስተምሪ። በሚቀጥለው ሳምንት ደውለሽ ጨዋታው እንዴት እንደነበር ንገሪኝ፤ እጠብቅሻለሁ።