ግመሉ የት ይታሰር?

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ።

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፤ ዛሬ እሑድ ነው። አዲስ አበባ የቱንም ያህል ዓመት ብንኖር፣ ነገ ባቲ ገበያ መሆኑን ከመካከላችን የሚረሳ የለም።

አሁን በዚህ ሰዓት አፋሮች ግመላቸውንና ፍየላቸውን እየነዱ ከቆላው ጉዞ ጀምረዋል። ከደጋው በኩል እህል በአህያ ይወርዳል። ነገ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው በአንድ ሜዳ ይውላሉ። ዕዳ የሚከፈለው፣ ጠበኛ በሽማግሌ የሚታረቀው፣ ለሠርግ የሚጠራራው በዚያው ነው።

እናቴ የምታውቀው አፋርኛ ከሰላምታና ከቁጥር አያልፍም ነበር። ቅቤ የምታመጣላት አፋር ደንበኛዋም አማርኛ አትችልም። ያም ሆኖ ለዓመታት በዱቤ ተገበያይተዋል፤ ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ። አንድ ሰኞ ሴትዮዋ ቀረች። እናቴ መንገድ መንገዱን ስታይ ዋለች፤ ብሩ አሳስቧት ግን አልነበረም። አመሻሽ ላይ አንድ ፍየል ነጂ በአስተርጓሚ መልእክት አደረሰላት፦ የሴትዮዋ ልጅ ወልዳለች። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የወሬ ቅብብል እኛም ቤት ደረሰ። በሳምንቱ ቅቤው ምራቂ ተጨምሮበት መጣ።

ዓምና በዚሁ መድረክ «ሜዳውን የሱቅ ረድፍ እናድርገው» ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ንድፉ ያማረ ነበር። ባቲ ወርጄ ለአክስቴ ባሳያት ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «ግመሉን የት ልታስሩት ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። አምስት እንቁላልና አንድ ጣሳ ሽንብራ ይዛ የመጣችው ሴትስ የት ትቀመጥ? እሷ በዚያችው ሳሙናና ቡናዋን ገዝታ ትመለሳለች፤ የሱቅ ኪራይ ከምን ታመጣለች?

ስለዚህ ኮሚቴው ሐሳቡን ቀይሯል፤ እኔም ኀፍረቴን ውጫለሁ። ዛሬ የሚቀርብላችሁ ዕቅድ የከብት ማጠጫ ገንዳ፣ መሬት ላይ ዘርግተው ለሚሸጡ ጥላ፣ እንዲሁም የሴቶች መጸዳጃ ቤት ነው። የባቲን ፀሐይ ለእናንተ አልነግርም።

ዕቅዱ በአጀንዳው 3ኛ ተራ ቁጥር ላይ ይገኛል። ከምሳ በፊት እንድንወስንበት እለምናለሁ፤ ከምሳ በኋላ ስንት ሰው እንደሚቀር ዓምና አይቻለሁ።

ጉባኤው ተከፍቷል።