ያልወጣ ገንዘብ

በደሴ ከተማ ለቅሬ አመራሮችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር

አሰላሙ አለይኩም፤ ጤና ይስጥልን።

የተከበራችሁ የቅሬ ሰብሳቢዎች፣ ገንዘብ ያዦችና ጸሐፊዎች፤ እናንተም ከኋላ የተቀመጣችሁ ወጣቶች፤ የአሜሪካ ምክር ቤትና ፕሬዚዳንት በበጀት ስለሚጣሉበት ነገር እንድናገር ስትጋብዙኝ፣ ይህ ለደሴ ሰው ምኑ ነው ብዬ ነበር። ኋላ የቅሬያችን፣ የመረዳጃ ዕድራችን፣ ድንኳን ትዝ አለኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጠቅላላ ጉባኤያችን አዲስ ድንኳን እንዲገዛ ወሰነ። ቃለ ጉባኤው ተጽፎ ተፈረመ፤ ገንዘቡም ባንክ ነበር። ሰብሳቢው ግን አልገዙም። አልሰረቁም፤ ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ አንድ ሳንቲም አልነኩም። “ያለው ድንኳን ገና ያገለግላል” አሉና ዝም አሉ። ክረምቱ የጦሳ ተራራ ጉም ከተማው ላይ ተኝቶ የከረመበት ነበር። አንድ የለቅሶ ቀን ዝናቡ በአሮጌው ድንኳን ላይ እየተጠራቀመ ሸራው እንደ እርጉዝ ላም ሆድ ተንዘረጠጠ። አንድ ልጅ ውሃውን ላራግፍ ብሎ ከሥር በዱላ ቢገፋው ጨርቁ ተተረተረ፤ ውሃው እንዳለ ሐዘንተኞቹ ጉልበት ላይ ወረደ።

ሠላሳ ዓመት በሒሳብ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ገንዘብ ያጎደለ ሰው ይጠየቃል፤ ያለ ደረሰኝ የከፈለም ይጠየቃል። ክፈል ተብሎ ተወስኖ ያልከፈለ ሰው ግን በመዝገብ ላይ ጉድለት አይገኝበትም። ኦዲተር ቢመጣ ሒሳቡ ይገጥማል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ዓይነቱ ገንዘብ ነው።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 1 ክፍል 9፣ በሕግ ካልተመደበ በቀር ከግምጃ ቤት ምንም ገንዘብ አይወጣም ይላል። መዳቢው ኮንግረስ፣ ማለትም ሁለቱ ምክር ቤቶቻቸው፣ ነው፤ አውጪው ፕሬዚዳንቱ። በእኛ አገር ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመጣው ከዚያው ከምክር ቤቱ ብልጫ ካለው ወገን ስለሆነ፣ ሰኔ ላይ የሚቀርበው በጀት ሲወድቅ አላየንም። እነርሱ ዘንድ ሁለቱም ለየብቻ ይመረጣሉ፤ በበጀት ስለተጣሉ አንዱ ሌላውን ማሰናበት አይችልም። አንድ ሳጥን፣ ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት ቁልፍ ያዥ። ቁልፍ ያዦቹ ከተለያየ ፓርቲ ሲሆኑ ደግሞ የሚሆነውን አስቡት።

በዜና የምትሰሙት “መንግሥት ተዘጋ” የሚለው የዚህ ውጤት ነው። ያልተመደበ ገንዘብ ማውጣትን የሚከለክል የ1884 ሕግ አላቸው። በ1980 የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ይህን ሕግ አጥብቀው ተረጎሙት፤ በጀት ካልጸደቀ መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል አሉ። (የአሜሪካን ነገር ሳወራ ዓመቶቹንና ቀኖቹን በእነርሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ፕሬዚዳንት ክሊንተንና ኮንግረሱ ሲጣሉ ለ21 ቀን ተዘጋ። ትራምፕ ለድንበር ግንብ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ጠይቀው ሲከለከሉ ለ35 ቀን ተዘጋ። በ2025 ደግሞ ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 12፣ 43 ቀን። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ምክር ቤቶች በፕሬዚዳንቱ ፓርቲ እጅ ነበሩ፤ ሆኖም ከሁለቱ አንዱ በሆነው በሴኔቱ ክርክር ዘግቶ ወደ ድምፅ ለመሄድ 60 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ 60 አልነበራቸውም። የአውሮፕላን በረራ ተቆጣጣሪዎች ያለ ደመወዝ ሲሠሩ ከረሙ።

ይህኛው ጠብ ጩኸት ስላለው ሁሉም ያየዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ድምፅ የሌለው ነው፤ ገንዘቡ ተመድቦ፣ ሕጉ ጸድቆ፣ አውጪው ዝም ሲል።

ፕሬዚዳንት ኒክሰን የ1972ን የውሃ ንጽሕና ሕግ ውድቅ አድርገው ነበር። ኮንግረሱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሻረባቸውና ሕጉ ጸደቀ። እርሳቸው ግን ለከተሞች ፍሳሽ ማጣሪያ ከተፈቀደው ገንዘብ ብዙውን ያዙት። በድምፅ የተሸነፉትን በካዝና ሊያሸንፉ ማለት ነው። የኒው ዮርክ ከተማ ከሰሰች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 ለከተማዋ ፈረደ። ኮንግረሱም በ1974 ሕግ አወጣ፦ ፕሬዚዳንቱ የተመደበ ገንዘብ አላወጣም ካለ ይጠይቅ፤ ኮንግረሱ በ45 ቀን ውስጥ ካልተስማማ ግን ገንዘቡ ይውጣ።

አሁን ወደ ሰኔ እንምጣ። እዚህ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው ሰኔን ያውቃል። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ነው፤ ያላለቀ በጀት ፈሰስ ይሆናል፤ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ የከረመ መሥሪያ ቤት በሰኔ ፕሮፎርማ ሲሰበስብ፣ ወረቀትና ጎማ ሲገዛ ያድራል። እኔም በእንዲህ ዓይነት የወጪ ማዘዣ ላይ ስፈርም ኖሬያለሁ፤ አልክድም። የእነርሱ በጀት የሚዘጋው መስከረም 30 ነው። በ2025 ነሐሴ መጨረሻ ላይ የትራምፕ አስተዳደር 4.9 ቢሊዮን ዶላር የውጭ እርዳታ ይሰረዝልኝ ብሎ ለኮንግረሱ አቀረበ። 45 ቀን ቢቆጠር የበጀት ዓመቱን ያልፋል። ኮንግረሱ እሺም ሳይል እምቢም ሳይል ገንዘቡ ፈሰስ ይሆናል። የእኛ ሰው ፈሰስ እንዳይሆን ይሮጣል፤ እዚያ ፈሰስ እንዲሆን ተጠበቀ። በዚህ ላይ የተነሣው ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ዳኞቹ በብልጫ ድምፅ፣ ጉዳዩ እስኪወሰን ገንዘቡ ተይዞ ይቆይ አሉ።

ፍትሐዊ ልሁን። ከዚያ በፊት በሐምሌ ወር 9 ቢሊዮን ዶላር ተሰርዟል፤ አብዛኛው የውጭ እርዳታ ነበር። ያኛውን ግን ሁለቱም ምክር ቤቶች ድምፅ ሰጥተውበታል። እኔን አይጥመኝም፤ ነገር ግን የመደበው ጉባኤ ራሱ ነው የሰረዘው፤ ባለቤቱ ነው። የፕሬዚዳንቱ ደጋፊዎች “እርሱንም ሕዝብ መርጦታል፤ ብክነት አይቶ ዝም ይበል ወይ?” ይላሉ። ሰብሳቢያችንም እንዲሁ ይሉ ነበር፤ ክርክራቸውም ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም። ግን ጉባኤ ጠርቶ ውሳኔውን ማስቀየር አንድ ነገር ነው፤ ቃለ ጉባኤውን ኪስ ከትቶ መቀመጥ ሌላ።

ለደሴ ሰው ምኑ ነው ብዬ ነበር። ሀረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ የእርዳታ እህል የሚራገፍባቸው መጋዘኖች አሉ። “ከአሜሪካ ሕዝብ” የሚል የታተመበት የዘይት ቆርቆሮ ያልገባበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። ጎረቤቴ ጤና አዳም ተክላበታለች፤ ጽሑፉ በዝገቱ መሀል አሁንም ይነበባል። ያ ዘይት የመጣው ኮንግረስ ከመደበው ገንዘብ ነው። በጥር 2025 የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን ይታገድ የሚለው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ሲወጣ፣ ማን መደበው፣ ማን አገደው የሚለው ክርክር ከዋሽንግተን አልፎ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ይመጣል።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነገር ደግሞ ይለያል። ልብሱ ከቀረጥ ነፃ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅደውን አጎዋ የተባለ ሕግ በ2000 ያወጣው ኮንግረስ ነው፤ የትኛው አገር ይገባዋል የሚለውን ግን ራሱ ለፕሬዚዳንቱ ሰጠ። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ስትሰረዝ፣ ፓርኩ ጦርነቱ ካደረሰበት ጉዳት ገና አላገገመም ነበር። ውሳኔው መረረን እንጂ ቁልፉ አልተቀማም፤ ባለቤቱ ነው ያስረከበው። ወጣቶች፣ ሁለቱን ለይታችሁ እዩልኝ።

የድንኳኑን መጨረሻ በር ላይ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። በቀጣዩ ዓመት መተዳደሪያ ደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ ጨመርን፦ ጉባኤ የወሰነውን ወጪ ሰብሳቢው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካልፈረመ፣ ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው ፈርመው ይከፍላሉ። ድንኳኑም ተገዛ። ዋጋው በዚያ መሀል ስለጨመረ ግን የገዛነው ከተወሰነው ያነሰ ነው፤ ሰው ሲበዛ ግማሹ ውጭ ይቀመጣል።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።