ሞተሩ ሳይጠፋ ያደረበት ሌሊት

ጤና ይስጥልኝ፣ ወዳጆቼ። ባለፈው ስለ ጎማ የጀመርኩትን ዛሬ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር፤ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አልሆነልኝም። የምቀዳው እንደተለመደው የምነዳው የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ሆኜ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ያ የምታውቁት የእናቴ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ነው፤ ረዳቴም ከኋላ ተኝቷል።

ነገሩ የሆነው በኅዳር መጨረሻ፣ ከተክለ ሃይማኖት ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ ላይ ነው። ጭነቱ ጠዋት እስኪራገፍ ድረስ መጋዘኑ ደጃፍ ማደር ነበረብን። ሰመራ ላይ ላብ ሲያጠምቀው የሰነበተ ሰውነት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ወደምትገኘው አዲስ አበባ ሲወጣ ብርዱ አጥንቱ ድረስ ይዘልቃል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ መታገሥ አቃተኝ፤ ተነሥቼ ሞተሩን አስነሣሁና ማሞቂያውን ከፍቼ በሚኒሞ፣ ማለትም ቆሞ በዝቅተኛ ዙር እንዲሠራ፣ ተውኩት። እግሬ መሞቅ ሲጀምር የተሰማኝን እፎይታ አሁንም አስታውሰዋለሁ።

ብዙም ሳይቆይ መስታወቱ ተንኳኳ። በጣት አንጓ፣ ቀስ ብሎ፣ ሦስት ጊዜ። በመጋረጃው ክፍተት ስመለከት ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ የያዙ አንዲት እናት ቆመዋል። «ልጄ፣ ጭሱ ቤት ገባብን፤ ሕፃን ተኝቷል» አሉ። በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖርበት ኖሮ ምናልባት እመልስላቸው ነበር። እኔ ግን ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ የተኛሁ መሰልኩ። እንደገና አንኳኩ፤ «ልጄ» አሉና ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ በኋላ የነጠላ ጫማቸው ድምፅ ኮብልስቶኑ ላይ እየተጎተተ ራቀ። እጄ ከሞተሩ ቁልፍ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም ነበር።

ሞተሩ እስከ 11 ሰዓት ሠራ።

በኋላ ሒሳቡን ሠራሁት። እንደኛ ያለ ከባድ መኪና ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ወደ 3 ሊትር ናፍጣ ይጨርሳል፤ በአራት ሰዓት 12 ሊትር፣ ከጀሪካን ግማሽ በላይ ማለት ነው። ለሞተሩም ቢሆን ደግ አይደለም፤ በሚኒሞ ሲቆይ ሲሊንደሩ በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ናፍጣው በሙሉ አይነድም፤ ከፊሉ ጥቀርሻ ሆኖ ይቀራል፣ ከፊሉም ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። ጭሱን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ከሆኑት ነገሮች መድቦታል። ይህን ሁሉ ዛሬ ስናገረው ትክክል ነው፤ ያን ሌሊት ግን ሊትርም ጥቀርሻም አላሰብኩም፤ የሰማሁት «ሕፃን» የሚለውን ቃል ነው፣ ሰምቼውም ተኛሁ።

ከዚያ ወዲህ ሞተር አጥፍተን ነው የምናድረው። መጀመሪያ የተማርኩት ብርዱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም እንደሚመጣ ነው፤ ስለዚህ ከሁለቱ ብርድ ልብሶች ወፍራሙን ከፍራሹ ላይ አንጥፌ እተኛበታለሁ። የፊቱን መስታወት ከውስጥ በወፍራም ካርቶን እሸፍናለሁ፤ በመኝታውና በመሪው መካከል ያለውን መጋረጃ እስከ ታች እዘጋለሁ፤ ከፔርሙዝ ሙቅ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቼ፣ በካልሲ ጠቅልዬ እግሬ ሥር አደርጋለሁ። መስኮቱን ግን ጣት በሚያስገባ ያህል ክፍት እተወዋለሁ፤ አለበለዚያ የሁለት ሰው ትንፋሽ እስከ ንጋት ጣሪያው ላይ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። አፋር በረሃ ላይ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ጥላ፣ የትንኝ መረብና በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ቬንትሌተር ያስፈልጋሉ፤ ባትሪው ከደከመ ግን ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ አይዞርም።

ከሰል ጋቢና ውስጥ ለሚያስገቡ ወንድሞቼ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ በእግዚአብሔር፣ አታድርጉት። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። ከውጭ አየር የሚስብ፣ ጭሱንም ወደ ውጭ የሚያወጣ የናፍጣ ማሞቂያ አለ፤ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በታች ነው የሚወስደው። ለመኪናው ባለቤት ነግሬያቸው ነበር፤ «ብርድ ልብስ ጨምር» አሉኝ። ተቀየምኩ፤ ነገር ግን እኔም ለእኚያ እናት ከዚህ የተሻለ መልስ አልሰጠኋቸውም...

ጠዋት ወርጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከጭስ ማውጫው ፊት ለፊት፣ ከግንቡ ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። ክፍተቷ ሁሉ በጨርቅ ተወትፏል፤ ጨርቁ የሕፃን መጠቅለያ ይመስላል፤ ቢጫ ነው፣ ጫፉ ላይ አበባ አለው። እየተራገፈ እያለ ዐይኔ ከእርሷ አልተነቀለም። ከተራገፈ በኋላ ማንኳኳት እችል ነበር፤ ረዳቴ «እንሂድ፣ መንገድ ይዘጋብናል» አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር እንዲህ ሲለኝ ደስ አለኝ።

ዛሬም ወደዚያው መጋዘን ነው የመጣነው። ደጃፉ ክፍት ቦታ ነበረው፤ እኔ ግን ሦስት መንገድ ርቄ አቆምኩ። ለረዳቴ መዞሪያ ስለሚመቸን ነው አልኩት። ነገ በጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ ብያለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን... መስኮቷን አውቃታለሁ፤ በሩ የትኛው እንደሆነ ያን ቀን አላየሁም። ረዳቴ እየተገላበጠ ነው፤ በርዶት መሰለኝ፤ ቆዩ፣ ጋቢውን ላልብሰው...